የፕላዝማ ቅርጽ እና የኑክሌር ውህደት ኃይል፦ ከቶካማክ ማሽኖች እስከ ኢትዮጵያ ሰማይ

የኑክሌር ውህደትን የኃይል ምንጭ ለማድረግ ከሰባ ዓመታት በላይ ሲካሄድ በቆየው ምርምር ውስጥ ከዋና ዋናዎቹ ጥያቄዎች አንዱ፣ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የጋለን ፕላዝማ በምን ዕቃ መያዝ ይቻላል የሚለው ነው። ይህን ሙቀት የሚችል ብረትም ሆነ ድንጋይ የለም። ተመራማሪዎች የመረጡት ዕቃ ዓይን የማያየው የመግነጢስ መስክ ነው። የዚህ ዕቃ ቅርጽ ክብ ይሁን ሞላላ፣ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ሆዱ ወደ ውጭ ይዙር ወይስ ወደ ውስጥ የሚለው ምርጫ ፕላዝማው ሙቀቱን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝና ሳይናወጥ መቆየት መቻል አለመቻሉን ይወስናል።

በኢትዮጵያ ይህን ምርምር የሚያካሂድ ማሽን የለም። ይሁን እንጂ የፕላዝማን መረጋጋት ከመግነጢስ መስክ ቅርጽ ጋር የሚያስተሳስረው የተፈጥሮ ሕግ በሰሜን ሸዋ፣ ከአንኮበርና ከአሊዩ አምባ በላይ ባለው የላይኛው ሰማይም ይሠራል። በዚህ ሰማይ ላይ የሚደረገው ጥናትም በአገሪቱ ከስድሳ ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው።

ውህደት፣ ፕላዝማ እና ቶካማክ

በሥራ ላይ ያሉት የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች ኃይል የሚያገኙት እንደ ዩራኒየም ያሉ ከባድ አተሞችን በመሰንጠቅ ነው። ውህደት የዚህ ተቃራኒ ሲሆን፣ ቀላል አተሞች ተዋህደው ከበድ ያለ አተም ሲሠሩ የሚወጣ ኃይል ነው። ፀሐይ የምታበራው በዚሁ መንገድ ነው። በምድር ላይ ለማዋሃድ የሚቀልሉት ዲውቴሪየምና ትሪቲየም የተባሉ ሁለት የሃይድሮጂን ዓይነቶች ናቸው። ሁለቱ ሲዋሃዱ አንድ የሂሊየም አስኳልና አንድ ኒውትሮን ይፈጠራሉ፤ ከክብደታቸው የሚጎድለው ጥቂት ክፍልም ወደ ኃይል ይለወጣል። ዲውቴሪየም ከውኃ ይገኛል፤ ትሪቲየም ደግሞ ኒውትሮን ሊቲየምን ሲመታ ይሠራል።

የአተም አስኳሎች ሁሉም አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ግፊያውን አሸንፈው እንዲዋሃዱ እጅግ መጋል ይኖርባቸዋል። በዚህ ሙቀት ኤሌክትሮኖች ከአስኳሎቻቸው ይለያሉ፤ ቁሱም ከጠጣር፣ ከፈሳሽና ከጋዝ ቀጥሎ አራተኛው የቁስ ሁኔታ ወደሆነው ፕላዝማ ይለወጣል። የመብረቅ ብልጭታ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የፕላዝማ ምሳሌ ነው።

ፕላዝማ የኤሌክትሪክ ሙል ባላቸው ቅንጣቶች የተሞላ በመሆኑ ለመግነጢስ መስክ ይታዘዛል። ቅንጣቶቹ በመስኩ መስመሮች ዙሪያ እየተጠመጠሙ ይጓዛሉ እንጂ መስመሮቹን በቀላሉ አያቋርጡም። መስመሮቹ ጫፍ ካላቸው ግን ፕላዝማው በጫፋቸው በኩል ያመልጣል። መፍትሔው መስመሮቹን አዙሮ እንደ አምባር መግጠም ሆነ። ቶካማክ በሶቪየት ኅብረት ሳይንቲስቶች የተፈለሰፈ እንዲህ ያለ አምባር ሲሆን፣ ስሙም የመግነጢስ ጥቅልሎች ያሉት የአምባር ቅርጽ ክፍል የሚል ትርጉም ካለው የሩሲያ ቋንቋ ሐረግ አጥሮ የተወሰደ ነው። በአምባሩ ዙሪያ የተደረደሩት ጥቅልሎች አንዱን መስክ ይፈጥራሉ፤ በፕላዝማው ውስጥ የሚሮጠው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሌላውን ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ መስመሮቹ እንደ ተገመደ ገመድ ይጠመዘዛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1968 በኖቮሲቢርስክ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የሶቪየት ተመራማሪዎች ቲ-3 በተባለው ቶካማካቸው 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ መድረሳቸውን አስታወቁ። ብዙዎች ተጠራጠሩ። በቀጣዩ ዓመት የብሪታንያ ባለሙያዎች የሌዘር መለኪያቸውን ይዘው ወደ ሞስኮ ተጉዘው ውጤቱን አረጋገጡ። ከዚያ ወዲህ ቶካማክ በዓለም ዙሪያ ቀዳሚው የምርምር መንገድ ሆነ።

ሙቀትን መያዝ ሲባል

ማንኛውም የውህደት ማሽን ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ማሟላት አለበት፦ በቂ ሙቀት፣ በቂ የቅንጣት ብዛትና በቂ የሙቀት መያዣ ጊዜ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ በስህተት ማሽኑ ሳይጠፋ የሚሠራበት ጊዜ ይመስላል። ትርጉሙ ሌላ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ እሳቱ ከሥሩ ከተነሳ በኋላ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቀዘቅዝ ሊለካ እንደሚችል ሁሉ፣ የሙቀት መያዣ ጊዜም ፕላዝማው ያለውን ሙቀት በምን ፍጥነት እንደሚያባክን የሚያሳይ ልክ ነው። ወፍራም ምጣድ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ትኩስ ሆኖ እንዲቆይ የሚፈልገው ማገዶ ያንሳል።

በደቡብ ፈረንሳይ በመገንባት ላይ ባለው ኢተር በተባለው ግዙፍ ቶካማክ ይህ ጊዜ 3.7 ሰከንድ ገደማ እንዲሆን ታቅዷል። ማሽኑ ግን ለብዙ መቶ ሰከንዶች ያለማቋረጥ እንዲሠራ የተነደፈ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩ ነገሮችን ይለካሉ።

ቅርጹን የሚገልጹት ሦስት ቁጥሮች

የቶካማክን ፕላዝማ ለማሰብ የተነፋ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ጥሩ ምሳሌ ነው። ካላማዳሪው በአንድ በኩል በቢላዋ ቢቆረጥ የሚታየው አፍ የፕላዝማው ቁርጥ ገጽ ይባላል። ስለ ፕላዝማ ቅርጽ ሲወራ የሚወራው በዋናነት ስለዚህ ገጽ ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር የውፍረት ንጽጽር ነው። ከአምባሩ መካከል እስከ ፕላዝማው መሐል ያለው ርቀት ለፕላዝማው ግማሽ ስፋት ሲካፈል ይገኛል። በኢተር ርቀቱ 6.2 ሜትር፣ ግማሽ ስፋቱ 2 ሜትር በመሆኑ ንጽጽሩ 3.1 ነው። ቁጥሩ ሲያንስ አምባሩ ይወፍራል፤ የመሐሉ ቀዳዳም ይጠባል።

ሁለተኛው የርዝመት ንጽጽር ነው፤ የቁርጡ ገጽ ቁመት ለስፋቱ ሲካፈል የሚገኝ ነው። ለክብ ገጽ 1 ይሆናል። በኢተር የፕላዝማ ጠርዝ ላይ 1.85 ገደማ ነው፤ ማለትም ፕላዝማው ከስፋቱ በላይ ወደ ላይና ወደ ታች ተስቧል።

ሦስተኛው ሦስት ማዕዘናዊነት ይባላል። የገጹ የላይኛውና የታችኛው ጫፍ ከመካከሉ ወደ አምባሩ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ምን ያህል እንዳዘነበለ ያሳያል። ጫፎቹ ወደ ውስጥ ሲያዘነብሉ ገጹ ገመዱ ወደ አምባሩ መሐል፣ ጀርባው ወደ ውጭ የዞረ ደጋን ይመስላል፤ የላቲኑን ዲ ፊደልም ይመስላል። ይህ አዎንታዊ ሦስት ማዕዘናዊነት ነው። ደጋኑ ሲገለበጥ አሉታዊ ይባላል።

ከክብ ወደ ደጋን

የመጀመሪያዎቹ ቶካማኮች ክብ ቁርጥ ገጽ ነበራቸው፤ ለመሥራትም ለማስላትም የሚቀለው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1972 የሶቪየት ኅብረት ሳይንቲስቶች ሌቭ አርትሲሞቪችና ቪታሊ ሻፍራኖቭ ገጹ ክብ ያልሆነ ቶካማክ የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቀረቡ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ደግሞ በጃፓን ተወላጁ ቲሂሮ ኦካዋ የሚመራው ቡድን ደብሌት የተባሉ፣ ገጻቸው በወገቡ የጠበበ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያላቸውን ማሽኖች ሲሞክር ቆየ። የመጨረሻው ደብሌት በ1980ዎቹ አጋማሽ ተለውጦ ዲአይአይአይ-ዲ የተባለው ባለ ደጋን ቅርጽ ማሽን ሆነ፤ ዛሬም በምርምር ላይ ነው። በብሪታንያ ካልሃም የተገነባውና እ.ኤ.አ. በሰኔ 1983 የመጀመሪያ ፕላዝማውን የፈጠረው ጄት ደግሞ የደጋን ቅርጽን የመረጠበት አንዱ ምክንያት ምህንድስና ነበር፤ ግዙፎቹ የመግነጢስ ጥቅልሎች በዚህ ቅርጽ ሲሠሩ የሚያጎብጣቸው ኃይል ይቀንሳል።

ቅርጹ ለፕላዝማው የሰጠው ጥቅም ግን ከምህንድስናው የላቀ ሆነ። ምክንያቱን ለመረዳት የደህንነት ልክ የተባለውን ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር አንድ የመስክ መስመር በቁርጡ ገጽ ዙሪያ አንድ ጊዜ እስኪዞር ድረስ አምባሩን ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቆጥራል። በፕላዝማው ውስጥ ያለው ፍሰት ሲበዛ መስመሮቹ አጥብቀው ይጠመዘዛሉ፤ ቁጥሩም ይቀንሳል። በጠርዙ አካባቢ ወደ 2 ሲወርድ ፕላዝማው ከልክ በላይ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ይቋጠራል፤ በቅጽበትም ይፈርሳል። ስለዚህ ፍሰቱ ሊታለፍ የማይችል ጣሪያ አለው።

ገጹ ወደ ላይና ወደ ታች ሲረዝም ይህ ጣሪያ ከፍ ይላል፤ መስመሩ በገጹ ዙሪያ የሚሄድበት መንገድ ስለሚረዝም ያንኑ የደህንነት ልክ ይዞ የበለጠ ፍሰት መሸከም ይቻላል። በቀላሉ ሒሳብ ሲሰላ ጣሪያው ከአንድ ሲደመር የርዝመት ንጽጽሩ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። የርዝመት ንጽጽሩ ከ1 ወደ 1.7 ሲያድግ፣ በተመሳሳይ ስፋትና በተመሳሳይ የመግነጢስ ጥንካሬ፣ የሚፈቀደው ፍሰት ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ፍሰቱ ደግሞ የሙቀት መያዣ ጊዜ ዋና መሠረት ነው። በብዙ አገሮች ቶካማኮች የተሰበሰቡት ልኬቶች ተደምረው በ1990ዎቹ መጨረሻ የተዘጋጀው ቀመር እንደሚያሳየው የሙቀት መያዣ ጊዜ ከፍሰቱ ጋር ከሞላ ጎደል በእኩል መጠን ያድጋል። በአንጻሩ የማሞቂያ ኃይል ሲጨመር ጊዜው ያጥራል፤ ፕላዝማው በበለጠ ሲሞቅ ውስጣዊ ሁከቱ ስለሚበረታ ሙቀቱን ፈጥኖ ያባክናል። ለዚህም ነው ኢተር 15 ሚሊዮን አምፒር ፍሰት እንዲሸከም የተነደፈው።

የመርዘም ዋጋ

የርዝመት ንጽጽርን መጨመር ያለ ዋጋ አይገኝም። ክብ ፕላዝማ በተፈጥሮው ባለበት ይረጋል። እንዲረዝም ግን ከላይና ከታች ያሉ ጥቅልሎች በሁለቱም አቅጣጫ ሊስቡት ይገባል። መሐል ላይ ሲሆን ስበቶቹ እኩል ናቸው። በጥቂቱ ወደ ላይ ካለ ግን የላይኛው ስበት ይበረታል፤ የበለጠም ይወስደዋል። ነገሩ ከአንኮበር ከፍታ ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ከቆመ ድንጋይ ጋር ይመሳሰላል፤ ካልተነካ ይቆማል፣ ትንሽ ከተገፋ ግን ወደ ቦታው አይመለስም። ክብ ፕላዝማ በሸለቆ ውስጥ ያረፈ ድንጋይ ነው።

ፕላዝማውን የከበበው የብረት ግድግዳ ይህን መውደቅ ያዘገየዋል። ፕላዝማው ሲንቀሳቀስ በግድግዳው ውስጥ ፍሰት ይነሳል፤ የፍሰቱም መስክ ፕላዝማውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚገኘው ጊዜ በሺህኛ ሰከንዶች የሚቆጠር ቢሆንም፣ የመቆጣጠሪያ ሥርዓቱ ቦታውን ለክቶ ጥቅልሎቹን እንዲያዝ በቂ ነው። ገጹ ከልክ በላይ ሲረዝም ግን የትኛውም መቆጣጠሪያ አይደርስበትም። በተለመደው የውፍረት ንጽጽር ባላቸው ማሽኖች የርዝመት ንጽጽር ከ2 እምብዛም የማያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥጥሩ ሲያመልጥ ፕላዝማው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ወርዶ ግድግዳውን ይመታል። ያከማቸው ሙቀት በቅጽበት ይፈስሳል፤ ፍሰቱም ወደ ማሽኑ አካል ገብቶ ከፍተኛ የመጎተት ኃይል ይፈጥራል። በትንሽ ማሽን ይህ የዕለት ተዕለት አደጋ ነው። በኢተር መጠን ግን የማሽኑን የውስጥ ክፍሎች ሊጎዳ ስለሚችል፣ ፕላዝማው ከመፍረሱ በፊት የቀዘቀዙ የጋዝ እንክብሎችን ሰባብሮ ወደ ውስጥ የሚተኩስ መከላከያ ተዘጋጅቶለታል።

ጥሩ ጎን እና መጥፎ ጎን

ሁለተኛው የመረጋጋት ጉዳይ ከግፊት ጋር የተያያዘ ነው። የጋለው ፕላዝማ እንደ ተነፋ ካላማዳሪ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የመግነጢስ መስኩም መልሶ ይጫነዋል። የሁለቱ ግፊቶች ንጽጽር ቤታ ይባላል። ቤታ ከፍ ሲል በተመሳሳይ ውድ መግነጢስ የበለጠ የውህደት ኃይል ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 ስዊዘርላንዳዊው ፍራንሲስ ትሮዮን ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ስሌት ከፍተኛው ቤታ ከፍሰቱ ጋር እንደሚያድግ አሳዩ። ስለዚህ ፍሰቱን የሚያሳድገው ቅርጽ የግፊት ጣሪያውንም አብሮ ያነሳል።

ግፊቱ ሲበዛ ፕላዝማው የሚፈነዳበት ደካማ ቦታ በአምባሩ ውጫዊ ጎን ነው። በዚያ ጎን የመስክ መስመሮች ወደ ውጭ ጎብጠዋል። በጎባጣው መስመር ላይ የሚሮጥ ቅንጣት፣ መታጠፊያ ላይ የፈጠነ አውቶቡስ ተሳፋሪውን እንደሚያንገዋልል፣ ወደ ውጭ ይገፋል። የፕላዝማው ግፊትም የሚቀንሰው ወደ ውጭ ስለሆነ ሁለቱ ይተባበራሉ፤ ትንሽ እብጠትም ወደ ትልቅ ያድጋል። ይህ መጥፎ ጎን ይባላል። በውስጠኛው ጎን መስመሮቹ ጉብጠታቸው በተቃራኒ ስለሆነ እብጠቱ ይታፈናል፤ ጥሩ ጎን ነው።

መስመሮቹ የተጠመዘዙ በመሆናቸው እያንዳንዱ መስመር በሁለቱም ጎኖች ያልፋል። የፕላዝማው ዕጣ የሚወሰነው መስመሩ በየትኛው ጎን ብዙ መንገድ እንደሚሄድ ነው። የደጋን ቅርጽ ጥበብ እዚህ ላይ ይገለጣል። ጫፎቹ ወደ ውስጥ ሲያዘነብሉ መስመሩ በጥሩው ጎን ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል፤ ፕላዝማውም ከፍተኛ ግፊትን ሳይናወጥ ይሸከማል።

ከአሊዩ አምባ በላይ ያለው ፕላዝማ

ተመሳሳይ ትግል በተፈጥሮ የሚካሄድበት ቦታ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ አለ። የፀሐይ ብርሃን የላይኛውን አየር አተሞች ኤሌክትሮኖቻቸውን ነጥቆ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ አዮኖስፌር የተባለውን የፕላዝማ ሽፋን ይሠራል። የምድር የመግነጢስ ወገብ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። በመሆኑም በአሊዩ አምባም ሆነ በደብረ ብርሃን ላይ የምድር የመግነጢስ መስመሮች ከሞላ ጎደል አግድም ተዘርግተዋል፤ ፕላዝማውንም እንደ ገመድ አልጋ ከሥር ደግፈው ይይዙታል።

ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ የታችኛው የፕላዝማ ክፍል ፈጥኖ ይሳሳል፤ የላይኛው ጥቅጥቅ ያለ ክፍል ግን ይቆያል፤ ወደ ላይም ይነሳል። ይህ ውኃን በዘይት ላይ እንደ ማኖር ነው። ሁኔታው ሲመች ከታች ያለው ስስ ክፍል እንደ አረፋ ወደ ላይ ይወጣል፤ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ከፍታም ያድጋል፤ የመስክ መስመሮቹን ተከትሎም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዘረጋል። በሰማይ ይህን የሚገፋው የምድር ስበት ሲሆን፣ በቶካማክ የስበቱን ሚና የሚጫወተው የመስመሮቹ ጉብጠት ነው። የሁለቱ አለመረጋጋት መሠረታዊ ሒሳብ ዝምድና አለው።

ልዩነቱም አስተማሪ ነው። በቶካማክ መሐንዲሶች ቅርጹን መርጠው መጥፎውን ጎን በጥሩው ሊያካክሱት ይችላሉ። በሰማይ ያለውን የመስክ ቅርጽ ግን ማንም ሊለውጠው አይችልም፤ የሚቻለው ሁከቱ መቼ እንደሚነሳ ማወቅ ነው። ይህም የሳተላይት አቅጣጫ አመልካቾችና የሬዲዮ ግንኙነት በእነዚህ አረፋዎች ስለሚታወኩ ተግባራዊ ጥቅም አለው።

በኢትዮጵያ የዚህ ጥናት መነሻ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958፣ በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ማዕከል ነው። ማዕከሉን ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዊን ሲሆኑ፣ ከተማዋ ለመግነጢስ ወገብ ያላት ቅርበት ለቦታው መመረጥ ትልቅ ምክንያት ነበር። ትውልደ ኢትዮጵያዊው የኅዋ ፊዚክስ ተመራማሪ ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋው የመሩት አምበር የተባለ የአፍሪካ የመግነጢስ መለኪያዎች መረብ ደግሞ ከጣቢያዎቹ አንዱን በአዲግራት ተክሏል። የአዲግራትና የአዲስ አበባ ልኬቶች ሲነጻጸሩ በቀን በመግነጢስ ወገቡ ላይ የሚሮጠውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ጥንካሬ ማወቅ ይቻላል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዋሸራ የተባለው ቤተ ሙከራ በዚሁ መስክ ይሠራል።

ጠርዙ፦ ድርብ ጥቅምና ድርብ ሥጋት

ወደ ቶካማክ ሲመለሱ፣ የቅርጽ ጉዳይ በፕላዝማው ጠርዝ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1982 በጀርመን ጋርሺንግ በአስዴክስ ማሽን ላይ ይሠሩ የነበሩት ፍሪትዝ ቫግነር፣ የማሞቂያው ኃይል ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የሙቀት መያዣ ጊዜው በድንገት ወደ እጥፍ ማደጉን አስተዋሉ። በጠርዙ ላይ ሁከቱ የተገታበት ቀጭን ሽፋን ተፈጥሮ ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ ይዞታል። ይህ ሁኔታ ኤች-ሞድ ይባላል።

አስዴክስ ጠርዙ የመስቀል ነጥብ ያለው ማሽን ነበር። በዚህ ነጥብ የመስክ መስመሮቹ ተሻግረው ይከፈታሉ፤ ከፕላዝማው የሚያመልጠው ሙቀትና ጥላሸትም ከዋናው ክፍል ርቆ ወደ ተዘጋጀለት ማስወገጃ ይፈስሳል። ዛሬ ትልልቆቹ ቶካማኮች በአብዛኛው ይህን ቅርጽ ይከተላሉ።

ኤች-ሞድ ግን የራሱ መዘዝ አለው። በቀጭኑ ሽፋን ላይ የሚከማቸው ግፊት ከጣሪያው ሲደርስ፣ እንደ ተከደነ ድስት ክዳኑን እያነሳ ሙቀት ይተፋል። አዎንታዊ ሦስት ማዕዘናዊነት ጣሪያውን ከፍ ስለሚያደርግ የሚያዘው ሙቀት ይበዛል፤ በዚያው ልክ በአንድ ጊዜ የሚተፋውም ይከብዳል። በኢተር መጠን ይህ ፍንዳታ ካልተገራ የማስወገጃውን ገጽ በፍጥነት ያሳሳል።

የተገለበጠው ደጋን

ለዚህ ችግር ሲፈለግ የቆየው አንድ መልስ ከተለመደው ተቃራኒ ነው። በስዊዘርላንድ ሎዛን የሚገኘው ቲሲቪ የተባለው ቶካማክ የተለያዩ ቅርጾችን ለመሞከር ተብሎ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ደጋኑ ሲገለበጥ፣ ማለትም ሦስት ማዕዘናዊነቱ ከ0.4 ወደ አሉታዊ 0.4 ሲለወጥ፣ ተመሳሳይ ሙቀት ለማግኘት የሚያስፈልገው የማሞቂያ ኃይል በግማሽ እንደሚቀንስ ታየ። በኋላም በዲአይአይአይ-ዲ የተደረጉ ሙከራዎች ፕላዝማው ኤች-ሞድ ውስጥ ሳይገባ ከእርሱ ጋር የሚወዳደር የሙቀት አያያዝ እንዳሳየ አረጋገጡ። ይህ ቅርጽ ፍንዳታዎቹን ከመነሻቸው ያስቀራል።

የተገለበጠው ደጋን መስመሮቹን በመጥፎው ጎን ያቆያል፤ ስለዚህ በጠርዙ ላይ ግፊት ሊከማች አይችልም። ድክመት የሚመስለው ይህ ባሕርይ ነው የሙቀት መትፋቱን የሚከለክለው። በሌላ በኩል ቁመቱን መቆጣጠር ይበልጥ ይከብዳል፤ የሚሸከመው አጠቃላይ ግፊትም ዝቅ ሊል ይችላል።

ሌላው አማራጭ አምባሩን ማወፈር ነው። የውፍረት ንጽጽሩ ወደ 1.5 አካባቢ ሲወርድ ፕላዝማው መሐሉ የተበሳ ፖም ይመስላል። መስመሮቹ በጥሩው ጎን አጥብቀው ስለሚጠመዘዙ መረጋጋቱ ይጨምራል። በካልሃም የነበረው ስታርት የተባለው ትንሽ ማሽን በ1990ዎቹ 40 በመቶ ቤታ ደርሷል፤ በተለመዱት ማሽኖች ይህ ቁጥር ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የዚህ ቅርጽ ዋጋ የመሐሉ ጥበት ነው፤ በጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ጥቅልሎቹንና ከኒውትሮን የሚከላከል ግድግዳን አንድ ላይ ማስገባት አስቸጋሪ ነው።

ቅርጹን በየቅጽበቱ መጠበቅ

የተመረጠው ቅርጽ የሚጸናው በየቅጽበቱ ሲጠበቅ ነው። የመግነጢስ መለኪያዎች የፕላዝማውን ጠርዝ ይከታተላሉ፤ ኮምፒውተር የእያንዳንዱን ጥቅልል ኃይል ያስተካክላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የሎዛን ተመራማሪዎችና ዲፕማይንድ የተባለው ኩባንያ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠለጠነ ሥርዓት የቲሲቪን 19 ጥቅልሎች በሰከንድ 10 ሺህ ጊዜ እያዘዘ የተለያዩ ቅርጾችን መሥራቱን ይፋ አደረጉ። የተገለበጠው ደጋን ከቅርጾቹ አንዱ ነበር። በአንድ ሙከራም ሁለት የተለያዩ የፕላዝማ ጠብታዎችን በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ይዞ ማቆየት ተችሏል።

ምርጫው የሚያስከትለው

ጄት ሥራውን በ2023 ከማጠናቀቁ በፊት በአንድ ሙከራ 69 ሚሊዮን ጁል የውህደት ኃይል በማውጣት ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ይህ ወደ ቤት ቆጣሪ ቋንቋ ሲለወጥ 19 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ማሽኑ የበላውም ካወጣው ይበልጣል። ኢተር 50 ሜጋ ዋት ማሞቂያ ተቀብሎ 500 ሜጋ ዋት የውህደት ኃይል እንዲያወጣ ታቅዷል። ይህ መጠን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ አንድ ትልቅ ተርባይን ከሚያመነጨው 400 ሜጋ ዋት ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ሙቀት ብቻ ነው፣ ኢተር ኤሌክትሪክ አያመነጭም። በ2024 በወጣው አዲስ መርሐ ግብር መሠረት ምርምሩን እ.ኤ.አ. በ2034 ይጀምራል፤ ዲውቴሪየምና ትሪቲየምን የሚያዋህደው ደግሞ በ2039 ነው።

ኢተር የደጋኑን ቅርጽ የመረጠው ከአሥርተ ዓመታት በፊት ነው፤ ብረቱ ከተሠራ በኋላ ቅርጹን በመሠረቱ መለወጥ አይቻልም። ከእርሱ በኋላ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጩ የሚታሰቡት ማሽኖች ግን በንድፍ ላይ ናቸው። ብሪታንያ የፖሙን ቅርጽ ለወደፊት ማመንጫዋ መርጣለች። በአሜሪካ አንዳንድ ቡድኖች የተገለበጠውን ደጋን ያጠናሉ። ሌሎች ደግሞ የተለመደውን ደጋን ይዘው በጠንካራ መግነጢስ ማሽኑን ማሳነስ መርጠዋል። እያንዳንዱ ምርጫ በአንድ በኩል ሙቀትን የመያዝ አቅም ሲያተርፍ፣ በሌላ በኩል በመረጋጋት፣ በግድግዳው ዕድሜ ወይም በግንባታው ውስብስብነት ይከፍላል። የተሳሳተ ምርጫ የሚባክነው ገንዘብ በቢሊዮኖች፣ የሚጠፋው ጊዜም በአሥርተ ዓመታት የሚቆጠር ነው።

በኢተር ሰባት አባላት ውስጥ አንድም የአፍሪካ አገር የለም። ኢትዮጵያ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል ብትሆንም የውህደት ማሽን ለመገንባት የሚያስፈልገው ወጪ ከአቅሟ በላይ ነው። የፕላዝማ ፊዚክስ ዕውቀት ግን በማሽን ብቻ አይገኝም። የአዮኖስፌርን አረፋ የሚያሰላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚጠቀምበት ቀመር፣ በሎዛን ወይም በካሊፎርኒያ የፕላዝማን ጠርዝ የሚያጠና ባለሙያ ከሚጠቀምበት ጋር ሥሩ አንድ ነው። ስለ ውህደት ኃይል አዲስ ዜና ሲሰማም ከሙቀቱ ዲግሪ በተጨማሪ ሊጠየቁ የሚገባቸው አሉ፦ ፕላዝማው ምን ቅርጽ ነበረው፣ ቅርጹ ለምን ያህል ጊዜ ጸና፣ ያመለጠው ሙቀትስ ያረፈው የት ነው?